ያልተዳሰሰው ጎራዴ

አዛውንቱ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው ከዓይናቸው አልወደቀም። አንገታቸው ጎን ላይ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ቁስል ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ በቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። የሟቹ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሕፃን ልጇን ካልሲ ትጠቀልላለች፤ መልሳ ትፈታዋለች። በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፈረሰኛ ጎራዴ ከሰገባው ሲመዘዝ በደም ተለውሶ ስለተገኘ፣ ፖሊሱ ሊወስዳት መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል።

«ልጄ ጎረቤት ናት» አለች ሴትዮዋ፣ የሰው ጉዳይ የምታወራ በሚመስል ድምፅ። «እኔ ከሄድኩ ማን ይይዛታል?»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፤ ሕፃኗን ይዤ። ስመለስ አባቴ እንደዚህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

መርማሪዋ ፖሊሱን ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ ጠቆመችው።

በሥራ ክፍሉ የሟቹ ረዳት ቆሞ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተበጠረ ወጣት ነው።

«ምን ላይ ነበር የምትሠሩት?» አለችው።

«‹ሴበር› የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ። የፈረሰኛ ጎራዴ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮች፣ ፈረንሳዮቹ ከጀርመኖች ወሰዱት፤ ጀርመኖቹ ደግሞ ከሃንጋሪዎች ሳያገኙት አልቀሩም ይባላል። በስፖርት የሚጋጠሙበት ቀላል ጎራዴም በዚሁ ስም ይጠራል። በጎራዴ መምታትም ይሆናል።»

«ትርጉሙን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ‹ጎበጥ ያለ፣ ባንድ ጎኑ የተሳለ፣ ፈረሰኛ እየጋለበ የሚመታበት።›» በቃሉ ሲወጣው ድምፁ ሞቅ አለ።

«የዚህን ቤት ጎራዴ ይዘኸው ታውቃለህ?»

«እንዴታ። ጋሼ ዕቃውን ሳንዳስስ ትርጉም አያስጽፉንም። ሰዉ ‹ጋሽ ዳስስ› የሚላቸው ለዚህ አይደል?»

መርማሪዋ የረዳቱን ጠረጴዛ አየች። መቀሱ በደረቀ ሙጫ ተለብጧል፤ ማስመሪያው በቀለም ጠቁሯል። የወረቀት መቁረጫው ቢላ ብቻ ከሱቅ የመጣ ይመስል ያብለጨልጫል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጡረታ የወጡ ፈረሰኛ ናቸው።

«አባባ፣ ጎራዴው የእርስዎ ነው አሉኝ።»

«ነበር፣ ልጄ። ለሰልፍ የምንይዘው ነው። ለወንድሜ ልጅ ሰጠኋት፤ መጋረጃ ሲወልቅባት በጫፉ አንስታ ትሰቅልበታለች። ሕፃኗ ደግሞ መዝዛ እንደ ፈረስ ትጋልበዋለች። እኔ ከወረድኩ ወዲህ ጋላቢ ያገኘው እሱ ብቻ ነው።» ሊስቁ አሉና ተዉት።

«ወንድምዎ ሰሞኑን ከማን ጋር ተጋጩ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ተመለከቱ። «ትናንት ረዳቱን ‹ስምህን ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ አነሳዋለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ሥራ ክፍሉ ጠራቻቸው። ጓንት አጥልቃ ጎራዴውን መዘዘች።

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ ቁስሉ በጣም በተሳለ ነገር የመጣ ነው ብሎኛል» አለች። እጀታው አጠገብ፣ ደም ያልነካው ቦታ ላይ ወረቀት ዘርግታ ወደ ታች ጫነችው። ወረቀቱ ታጠፈ እንጂ አልተቆረጠም።

«የሰልፍ ነው አላልኩሽም?» አሉ ሽማግሌው። «ቅቤም አይቆርጥ።»

«ስለዚህ ሟቹ የተገደሉት በሌላ ነገር ነው፤ ደሙ እዚህ ላይ የተቀባው ሴትዮዋን ለማስወንጀል ነው። የቀባው ሰው ጎራዴው የተሳለ መስሎት ነበር። እርስዎ አባባ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው፤ ዱልዱም መሆኑን ያውቃሉ። አንቺም ታውቂያለሽ። ልጇ የምትጫወትበትን ብረት ስለቱን ሳትፈትሽ እግድግዳ ላይ የምትሰቅል እናት አላየሁም።»

ሴትዮዋ ካልሲውን መጠቅለል አቆመች።

«የማያውቅ አንድ ሰው ቀረ» አለች መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞራ። «ዳስሼዋለሁ አልከኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ጣትህን ብታሳርፍበት ኖሮ ‹የተሳለ› የሚለውን ሟቹን ሳትጠይቅ አትጽፍም ነበር። ዕቃውን ሳትነካ እንደምትጽፍ ሟቹ ደረሱብህ። ስምህም ሊነሳ ሆነ። ጠዋት እሷ ስትወጣ፣ አባባ በረንዳ ላይ ሲሆኑ፣ ካጠገብህ የነበረውን ቢላ አነሳህ። ከዚያ አጥበህ አጥበህ የዓመታት ሙጫውን ሳይቀር አስለቀቅከው። ሌላው ዕቃህ ሁሉ ግን እንደቆሸሸ ነው። ሐኪሙ ቢላው እጀታ ውስጥ የሚያገኘው ደም አያጣም።»

ረዳቱ ጎራዴውን አየ። እጁን ዘርግቶ ባንድ ጣቱ ጠርዙን ነካው፤ የከለከለው የለም።

«መጽሐፉ ሁሉ የተሳለ ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ።

ፖሊሱ እሱን ይዞ ሄደ። ጎራዴውም አብሮ ሄደ።

ሴትዮዋ ልጇን ከጎረቤት አምጥታ አስተኛቻት። የመስኮቱ መጋረጃ ባንድ በኩል ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ ፀሐዩ የሕፃኗ ፊት ላይ አርፏል። እናትየው ዞር ሳትል እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ጣቷ ባዶውን ምስማር አገኘ። እዚያው ያዘችው፤ አለቀቀችውም። አባቷ የሞቱት ገና አሁን ይመስል፣ ማልቀስ ጀመረች።