ስሜን ለእንግዳዋ ሰጠቻት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ እንዲያምነኝ ነው። «ፈጠራ ነው» ብትሉ አልፈርድባችሁም። በሌላ ሰው ደርሶ ባነበው ኖሮ እኔም «ይቺ ደግሞ ምን አግኝቷት ነው» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔ ላይ ሆኗል።

ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ስልኬ ብቻ።

ዩኒቨርሲቲያችን ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለአንድ ሴሚስተር ተማሪ ይለዋወጣል። እኔ ወደዚያ ስሄድ በምትኬ አንዲት ተማሪ ወደ እኛ ትመጣለች። ማደሪያ ፍለጋ እንዳንንከራተት ተብሎ እኔ በእሷ አልጋ፣ እሷ በእኔ አልጋ እንድንተኛ ተደረገ። እማዬ እንግዳ ስትወድ ለጉድ ነው። እኔን ከመሸኘቷ በፊት ለእሷ አዲስ አንሶላ አንጥፋ ጨርሳ ነበር።

እኔን የተቀበለችኝ የልጅቷ እናት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ የምትሠራውም እዚያው ቤቷ ነው። አንገቷ ላይ ሜትር፣ ከንፈሯ መሃል ስፒል አይጠፋም። ስለ ልጇ ስጠይቃት ስፒሉን ሰበብ አድርጋ ዝም ትለኛለች። መቼም የሰው ጠባይ ነው ብዬ ተውኳት።

የመጀመሪያው እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወልኩ።

«እንግዳዋስ እንዴት ናት?» አልኳት እማዬን።

«ወርቅ የሆነች ልጅ! ስሟን ግን ልጠራው ብል ምላሴ ተሳሰረብኝ። ፍንጬ እያልኩ ነው የምጠራት።»

ፍንጬ የእኔ የቤት ስም ነው። የፊት ጥርሴ ፍንጭት ስለሆነ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው።

«እማ፣ እሱ እኮ የእኔ ነው።»

«ምን አለበት? አንቺ እስክትመጪ ስሙ ከቤት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ደግሞስ እሷ ጥርሷ ግጥም ያለ ነው፣ ማን ያምታታችኋል?»

አባዬ ከኋላዋ ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የእማዬ ነገር አይደንቀኝም።

ከክፍሌ ወጥቼ ለልብስ ሰፊዋ እንደ ቀልድ ነገርኳት። የምትሰፋውን አቆመች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ስምሽን... ሰጠቻት?» አለች በሹክሹክታ።

«ለጊዜው ነው።»

ያን ቀን የስፌት ማሽኑ እንደገና ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም።

በሦስተኛው እሁድ እንግዳዋ ቋንቋችንን ትናገር ነበር። እንደ ጀማሪ አይደለም... እንደ እኛ ቤት ልጅ። አባዬ ያቺን የቆየች ቀልዱን ጀመረ። ሹፌር ነው፣ ስለ አንድ እንቅልፋም ተሳፋሪ ሺህ ጊዜ የነገረን ቀልድ አለችው። ሳይጨርስ እንግዳዋ ሳቀች። እኔ ሁልጊዜ የምስቅበት ቦታ ላይ ነው የሳቀችው። ሳቄ መጨረሻው ላይ ማንኮራፋት ነገር አለው፣ እህቴ ስታሾፍብኝ ነው ያደገችው።

የእሷም ሳቅ መጨረሻው ላይ አንኮራፋ።

ዓርብ ዕለት ታናሽ እህቴ ከትምህርት ቤት ደወለች። የዕረፍት ሰዓት ነው፣ ከጀርባዋ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እህቴ... ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«ምን ሆነሻል?»

«አትተኛም። አልጋሽ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሏት ይሆናል...»

«መስታወት ይዛ ያንቺን ሳቅ ትለማመዳለች። ደግሞ... ጥርሷ...»

«ጥርሷ ምን?»

«ተከፈተ።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ምላሴን ወደ ፊት ጥርሴ ላክሁ። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ክፍተት ፈለግሁ። አጣሁት። መስታወት ፊት ቆሜ በጥርሶቼ መሃል ክር ለማሳለፍ ሞከርኩ...

አላልፍ አለ።

ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። እያለቀስኩ ነገርኳት። ሰማችኝና «አይ ልጄ፣ ቅናት ነው። በሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ ሆድ ባሰሽ» አለች። «ልጄ» ብላ የጠራችኝ ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። ባውቅ ኖሮ ስልኩን ቶሎ አልዘጋም ነበር።

በሳምንቱ የተማሪ መታወቂያዬ የቤተ መጻሕፍቱን በር አልከፍት አለ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ሲጠራ የእኔን ዘለለው። እጄን ባወጣም አላየኝም። የልውውጥ ተማሪዎች ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ኮምፒውተሩን አየ።

«አንቺ እኮ አቋርጠሽ ወደ አገርሽ ተመልሰሻል።»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜ?»

«እሱማ ይታየኛል። ሲስተሙ ግን ተመልሳለች ነው የሚለው። የመመለሻ ቲኬትሽንም ተጠቅመሽበታል። እናትሽ ራሳቸው ደውለው ደህና ገብታለች ብለዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይህን የሚያየው ሰው ሰኞ ይገባል።»

ሰኞ ሄድኩ። ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሩኝ። በየትኛውም አገር ቢሮ ቢሮ ነው።

ያን ቀን ቅዝቃዜ ስለነበር ከቁም ሳጥኑ የልጅቷን ጃኬት አውጥቼ ለበስኩ። በመጣሁ ሰሞን ለክቼው ሁለት እኔን ያስገባ ነበር። አሁን በልኬ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ አየችኝና ፊቷ አመድ መሰለ። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እናንተ ቤት ያለችው የእኔ ልጅ አይደለችም» አለች፣ የሚሰማን ሰው ያለ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ማን ናት?»

«አላውቅም። የእኔዋ ከሦስት ዓመት በፊት እንዳንቺ ለትምህርት ሄደች። በምትኳ ያቺ መጣች። ልጄ ናፍቃኝ ስለነበር... በልጄ ስም ጠራኋት።»

«ልጅዎስ?»

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«አንዲት ልጅ በየሳምንቱ እየደወለች «እናቴ» እያለች ታለቅስ ነበር። አላውቃትም ነበር... እዘጋባት ነበር። ልጄ መሆኗን ያወቅሁት ያቺ ወደ እናንተ ከሄደች በኋላ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን አትደውልም።»

እሁድ ደረሰ። ስምንት ሰዓት። ደወልኩ።

እማዬ አነሳች። ፊቷን ሳየው እንባዬ ቀደመኝ።

«እማ...»

«ማን ልበል?»

«እማ፣ እኔ ነኝ። ፍንጬ።»

ዞር ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «ፍንጬ ይቺውና እዚህ። ማንን ፈልገሽ ነው፣ እናቴ?»

«እናቴ» ያለችኝ መንገድ ለጠፋበት ለማንም እንደምትለው ነው። እኔና እሷ ብቻ የምናውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ከአባዬ ደብቃ ስላለቀሰችበት ቀን፣ ሲበርዳት ስለሚያማት የግራ ጉልበቷ። አዘነችልኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ማዘኗ ነው።

«አይዞሽ። እናትሽ የት ናት? እሷ ጋ ደውዪ።»

«እህቴን ጥሪልኝ። እሷ ታውቀኛለች። አንዴ ብቻ።»

እህቴ መጣች። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችኝ። በዚህ ዓለም የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

«ዝጊው እማ» አለች ቀስ ብላ። «ታስፈራለች።»

እማዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የዘጋችው መስሏታል... አልተዘጋም። የቤታችን ኮርኒስ ይታየኛል። ሳህን ሲቀራረብ፣ ወንበር ሲሳብ እሰማለሁ። አባዬ የእንቅልፋሙን ተሳፋሪ ቀልድ ጀመረ። ልቅሶዬን ሰምተው እንዳይዘጉብኝ በሁለት እጄ አፌን ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

«ፍንጬ» ብላ ጠራች እማዬ።

«አቤት እማ።»

የእኔ ድምፅ ነው። ከስልኩ ውስጥ ነው የመጣው።

«ውሃ አምጪልን።»

«እሺ እማ።»

እጆቼ አፌ ላይ እንደተጫኑ ናቸው። ከመዳፌ ሥር... ከንፈሮቼ ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀሱ ነበር።