የሴቶቹ ክፍል ሽቦ

ራዲዮ ጠጋኙ ሸረፋ ከስቴሪዮው ጀርባ በጎኑ ወድቆ ሞቷል። የቤቱ እመቤት ዘይባ ነጠላዋን አልብሳዋለች። ካቻቪቴውና ፒንሳው ከአጠገቡ፣ የማሽኑ የኋላ ክዳን ከግድግዳው ተደግፎ፣ ሁሉም ሥራውን ነገ የሚቀጥል ሰው እንዳስቀመጠው በሥርዓት ነበር።

ከደጅ የመስጊድ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ማዶ የፖሊስ ላንድሮቨር ሞተሩ እንደተነሳ ያጉረመርማል። በውስጡ የከተማው መብራት ሠራተኛ አዳነ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል፤ ወደ አውራጃው ከተማ ሊወሰድ ነው።

«መቶ አለቃ፣» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጀናዛ አይቆይም። ፀሐይዋን ይመልከቷት።»

«አያታለሁ አባባ። እኔም ቸኩያለሁ።»

መቶ አለቃ ዳምጤ ወንበር ሲሰጡት የማይቀመጥ ሰው ነበር። ቡታጅራ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ በአዲስ አበባው መንገድ ቡኢ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ገድሎ ሳይቆም የሄደ የጭነት መኪና ይፈልጋል። አሁን ይህ ተጨመረበት። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሬሳው ይመላለስ ጀመር።

የቤቱ ባለቤት ሙስተፋ በመርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ እንደ አገሩ ሰው ለአረፋ ወደ ወላጆቹ ቀዬ የተመለሰ ሰው ነው። ስቴሪዮውን ያስመጣው ለበዓሉ ነበር፤ ተበላሽቶ ስለደረሰ ሸረፋ ሊጠግነው ያዘ። ከሁለቱ የድምፅ ሳጥኖች አንዱን ወንዶች የሚቀመጡበት ሳሎን አኖረ፤ ሁለተኛውን ግድግዳ በስቶ በሽቦ ወደ ሴቶቹ ክፍል አሻገረው።

«ወንዶች ሲሰሙ ሴቶቹ ምን በደሉ ብዬ ነው፣» አለ ሙስተፋ። «አሁን ግን ምን ያስመረምራል? ገዳዩ መኪናው ላይ ተቀምጧል። በዚህች ከተማ መብራት ሳይመሽ መጥቶ ያውቃል? አዳነ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ለቀቀው።»

«አዳነ ከሸረፋ ጋር ምን ጠብ አለው?»

«ትናንት ገበያ መሀል ተሰዳደቡ። ሸረፋ ‹የዚህ ሰው ሞተር ራዲዮ ያቃጥላል› ብሎት ነዋ!»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከብት ተራ፣ በሬ ስገዛ። እኚህን አባባ ጠይቅ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ዳምጤ ወደ ላንድሮቨሩ ወጣ። አዳነ ከጎጃም መጥቶ የወፍጮውንና የመብራቱን ሞተር የሚያንቀሳቅስ ረዥም ሰው ነው። ካቴናው ለእጁ ጠቦታል።

«በቀን ለምን ለቀቅኸው?»

«ሸረፋ መጥቶ ለመነኝ ጌታዬ። ‹ሠርቼ ስጨርስ እሞክረዋለሁ፣ ከቀትር በኋላ መብራት ስጠኝ› አለ። ስድባችን እኮ የወዳጅ ነው። እሱ ሞተሬን ይሰድባል፣ እኔ ጢሙን።»

«ሲለምንህ የሰማ አለ?»

«ሞተር እየጮኸ ማን ይሰማል?»

«ከሞተሩ ተለይተህ ነበር?»

«የአረፋ እህል የሚያስፈጩ ሴቶች ከበውኝ? ለሽንት እንኳ አልለቀቁኝም!» ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «ጌታዬ፣ ይህ መኪና ከተነቃነቀ እኔ አልመለስም። እዚያ ማን ያውቀኛል? ነፍሰ ገዳይ ተብዬ እሰቀላለሁ።»

«ሞተሩን አጥፋው፣» አለ ዳምጤ ሹፌሩን።

«ሳይመሽ ድረስ ተብያለሁ፣ መቶ አለቃ።»

«ከመምሸቱ በፊት እነግርሃለሁ። አጥፋው።»

ተመልሶ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። በሁለቱም እጆች አውራ ጣትና አመልካች ጣት ላይ ትንንሽ ጥቁር ቃጠሎዎች አሉ። ዘይባ ከበሩ ቆማ ታየዋለች።

«መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስፒናው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር?»

«የለም፣ ከጉልበቱ ሥር ነበር። ሸረፋ የማንንም ዕቃ ሲሠራ ነቅሎ ይቀመጥበታል። ‹ከሥሬ ካልሰረቁኝ አይሰኩብኝም› ይላል።»

«ታዲያ በምን ሞተ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው። ሰዉ ጂን ነው ይላል።»

«ጂን ጣት እየመረጠ አያቃጥልም። ምን ሰሙ?»

ዘይባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሴቶቹ ጋር ጓሮ ቅቤ እናነጥር ነበር። ‹ሽቦውን ይዣለሁ፣ አትንኩ!› ሲል ሰማሁት። ልማዱ ነው፤ ሰው ባይኖርም ይጮኻል። ከዚያ ዝም አለ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዳምጤ ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ በዓይኑ ተከተለ። ጫፉ ከማሽኑ ተፈትቶ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ፣ ሁለቱ መዳቦች ተለያይተው መሬት ላይ ተኝተዋል። ሌላው ወገን በግድግዳው ቀዳዳ ይገባል።

«ሴቶቹ ክፍል ያስገቡኝ።»

«አይቻልም፤ ጠዋት ለቅልቄዋለሁ። ለአረፋ የተለቀለቀ ወለል ሳይደርቅ የረገጠች ምራት ስሟ ዓመቱን ሙሉ ይነሳል። ለዚህ እኮ ነው ሁላችንም ጓሮ የዋልነው።»

«ከበሩ ሆነን እንይ።»

በሩን ከፈተች። የጥር ነፋስ ወለሉን አድርቆ አንጥቶታል፤ ከሶኬቱ እስከ በሩ ግን አንድ መንገድ የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ርሷል። ዘይባ አጎንብሳ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

«ይህ የእኔ እጅ አይደለም! እኔ እንደ ጨረቃ እያዞርኩ ነው የምለቀልቀው። ይኼ ወዲህ ወዲያ የተፈተገ ነው። በባልዲ የተረፈኝን እበት ነው የጨረሰብኝ!»

ዳምጤ ጫማውን አውልቆ ገባ። የሶኬቱ አፍ በጥላሸት ጠቁሯል። የሳጥኑ ሽቦ በችኮላ ተቋጥሯል፤ ጫፎቹም ተቃጥለዋል።

የሙስተፋ ታናሽ ወንድም ሰይዶ ወንዙ ዳር ከሚነዳው የጭነት መኪና አጠገብ ተገኘ። ዳምጤ የፈለገው ስቴሪዮውን ከአዲስ አበባ ያመጣው እሱ ስለሆነ ነው።

«ሙሉ ቀን እዚህ ነበርክ?»

«መኪና ሳጥብ።»

ዳምጤ መኪናውን ዞረው። ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ከበሩ ወደ ኋላ ግን የመንገዱ አቧራ እንዳለ ነው። የአንደኛው መብራት መስተዋት ተሰብሯል።

«ማሽኑ እንዴት ተበላሸ?»

«መርካቶ ሲጫን ወደቀ።»

«አብሮህ የመጣው ማነው?»

«ሸረፋ። ከኋላ ተቀምጦ ዕቃውን ይዞ ነበር።»

«ስለ ሞቱ ምን ነገሩህ?»

«ማሽኑ ገደለው አሉኝ። ምስኪን፣ ለሴቶቹ ሳጥን ሽቦ ሲል!»

ዳምጤ ኮቱን ቆልፎ፣ «ና፣ ወንድምህ ቤት እንሂድ» አለው።

ሳሎኑ ሞላ። ሙስተፋ ከሬሳው ራስጌ፣ ዘይባ ከበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ሥር ቆሙ። አዳነንም ከነካቴናው አስገቡት። ዳምጤ በመካከላቸው እየተመላለሰ ጀመረ።

«ሸረፋ ጠንቃቃ ነበር። ስፒናውን ነቅሎ በጉልበቱ ይዞታል። ስለዚህ መብራቱ በማሽኑ በኩል አልመጣም። ጣቶቹን እዩ፤ በሁለት እጁ ሁለት ሽቦ ይዞ ነበር። የያዘው ደግሞ የድምፅ ሽቦ ነው፤ ሕፃን ቢይዘው የማይጎዳውን። ድምፅ በሚሄድበት መንገድ ሞት ተመልሶ መጣበት። አንድ ሰው ከወዲያኛው ክፍል ሽቦውን ከሳጥኑ ፈትቶ ሶኬት ውስጥ ከቶታል።»

«አዳነ ነዋ!» አለ ሙስተፋ።

«አዳነን ወፍጮ ቤት ያሉ ሴቶች ሁሉ አይተውታል። መብራት መልቀቅ ብቻውን አይገድልም። ገዳዩ ሸረፋ ሽቦውን የሚይዝበትን ቅጽበት ማወቅ ነበረበት። ያንን የነገረው ሸረፋ ራሱ ነው፤ ሰው እንዳይጎዳ ‹ይዣለሁ፣ አትንኩ› ብሎ በጮኸው ድምፅ። ከዚያ ገዳዩ ሽቦውን መልሶ ሳጥኑ ላይ ቋጠረ። እርጥብ ወለል ላይ ግን እግሩ ታተመ። ሊደመስሰው ለቀለቀው። ለቅልቆ የማያውቅ ሰው ነው።»

ዳምጤ ወደ ሙስተፋ ዞረ።

«ሴቶቹ አብረው ጓሮ ነበሩ። አንተ ከብት ተራ ነበርክ። ሰው የሚያወራው ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጂንና ስለ አዳነ ብቻ ነው። ሸረፋ ሽቦ መያዙን የሰማችው ዘይባ፣ የነገረችውም ለእኔ ብቻ፤ የሴቶቹ ሳጥን ሽቦ መሆኑን ደግሞ እኔ ራሴ ዛሬ ነው የደረስኩበት። ወንዝ ዳር የዋለው ሰይዶ ግን ያውቃል።»

«ወላሂ መኪና ሳጥብ ነበር!»

«ፊቱን ብቻ?» ዳምጤ ከኪሱ የመስተዋት ስባሪ አወጣ። «ይህን ያገኘሁት ቡኢ፣ ከሽማግሌው ሬሳ አጠገብ ነው። ማሽኑም መርካቶ አልወደቀም፤ ፍሬን ስትይዝ ነው የተጋጨው። ከኋላ ተቀምጦ ያየህ ሸረፋ ብቻ ነበር።»

«ነገ ከሰላት በኋላ ለሽማግሌዎች የምናገረው አለኝ ሲል ነበር፣» አለች ዘይባ ቀስ ብላ።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው!» ሰይዶ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጋሼ፣ ታምነዋለህ?»

ሙስተፋ የወንድሙን ቀኝ እጅ ያዘ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ገለጣቸው። ከጥፍሩ ሥር የደረቀ እበት ነበር። እጁን አልወረወረውም፤ እንደያዘው ቆመ።

«ለመንኩት፣» አለ ሰይዶ። «‹ሽማግሌው ሞቷል፣ አይነሳም፣ እኔ ልኑር› አልኩት። ‹እኔ እንዴት ልስገድ?› አለኝ።»

ጣቢያው ያለው ካቴና አንድ ብቻ ነበር። ፖሊሱ ከአዳነ ፈትቶ ሰይዶ እጅ ላይ አደረገው። አዳነ ነጻ መሆኑ ቶሎ አልገባውም፤ እጆቹን እንደተጣመሩ ጥቂት ይዟቸው ቆየ። ሙስተፋ ወደ እሱ ቀረበ።

«አዳነ፣ በደልኩህ። አፉ በለኝ።»

አዳነ የተላጠ አንጓውን እያሸ አየው።

«እኔ በሕይወት አለሁ አቶ ሙስተፋ፣ ሌላ ቀን ትለምነኛለህ። የቡኢው ሽማግሌ ልጆች ግን አባታቸውን ማን እንደገደለው እስካሁን አያውቁም። ከፖሊስ አይስሙት። አንተ ሂድና ንገራቸው።»

የመስጊዱ ሰዎች ገብተው ሸረፋን አነሱ። ሙስተፋ ቃሬዛውን በትከሻው ተሸክሞ እስከ መቃብሩ ሄደ። ሟቹ አፈር ከለበሰ በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ የቡኢን መንገድ ያዘ።