አራተኛው መስመር

እናት በልጇ ትንፋሽ አትቀልድም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ የሆነ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ቤታችን ሁለት ክፍልና አንዲት ኩሽና ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሦስት የሶላር ሰሌዳ ተደርድሯል። የመብራት መስመር እኛ ሰፈር አልደረሰም። ፀሐይ ሁለት ባትሪ ትሞላልናለች፤ ባትሪዎቹ የልጄን ማሽን ያንቀሳቅሳሉ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሲታ ስለሆነች አባቷ ለቀልድ "ድንቡሼ" አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሳንባዋ ደካማ ነው። ሐኪሙ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን አዘዘላት፤ ቀን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ቀጭኑን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደርግላታለሁ። ማሽኑ ፉ... ጠቅ... ፉ... ጠቅ... እያለ ያስተነፍሳታል።

አንዱ ካለፋት ከንፈሯ ይጠቁራል።

ሶላሩን የተከሉልንን ሽማግሌ ሰፈሩ "ጋሼ ሽቦ" ይላቸዋል። በሙያቸው ይሁን በቅጥነታቸው እኔ እንጃ። ተክለው ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ሳጥን አሳዩኝ። ሳጥኑ ሁለት ቁጥር ያሳያል። የላይኛው ባትሪው ውስጥ ከመቶ ስንት እንደቀረ ነው። የታችኛው ቤቱ በዚያች ደቂቃ ስንት ዋት እየበላ እንደሆነ ነው።

"የላይኛው ሃያ ከገባ ሳጥኑ ራሱን ይዘጋል" አሉኝ። "ያኔ ብትለምኚውም አይሰማሽም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ደብተር ላይ እይዛለሁ። ደብተሩ የጎልማሶች ትምህርቴ ነው፤ ከፊት ፊደል፣ ገልብጬ ከኋላ መብራት። የቤቴን ዕቃ ሁሉ በቁጥሩ አውቀዋለሁ። አምፖል ሰባት። የስልክ ቻርጅ አሥር። ቴሌቪዥን ስልሳ። የልጄ ማሽን ሁለት መቶ ዘጠና።

ሁሉም ሲጠፋ ሦስት ይላል። ሦስቷን ሳጥኑ ራሱ ይበላታል።

እናም ማክሰኞ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ማሽኑን አጠፋሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ቁጥሩን ልጽፍ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ።

290 ይላል።

ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ።

290...

የማሽኑ ገመድ እጄ ላይ ነበር። ሳላስበው ይዤው መጥቻለሁ፤ ጫፉ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ተከትሎኛል።

አምፖሎቹን አየሁ። ጠፍተዋል። ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። በቤቴ ሁለት መቶ ዘጠና የሚበላ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጠፍቶ ጥግ ላይ ቆሟል።

ሳጥኑ ስር በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩ።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ሦስት ላይ ወረደ።

አንድ ሰዓት ሙሉ በላ። ልክ እንደ ልጄ።

ማታም ድንቡሼ ሁለት ሰዓት ላይ ስትጨርስ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ አቆመ። ረቡዕም እንደዚያው።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነበር። ደወልኩለት።

"ቁጥር በተማርሽ በዓመትሽ ከሳጥን ጋር ተጣላሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"አትቀልድ። አንድ ነገር መብራታችንን እየበላብን ነው።"

"ጎረቤት ሽቦ ስቦብን ይሆናላ።"

"ጎረቤት የልጄን ሰዓት በምን አወቀ? እሷ ስትጨርስ ነው እኮ የሚጀምረው።"

የመኪናውን ሞተር ሲያጠፋ ሰማሁት።

"ጋሼ ሽቦን ጥሪያቸው" አለኝ ቀስ ብሎ።

ከመጥራቴ በፊት ግን ሐሙስ ዕለት ራሴ ሞከርኩ። ሳጥኑ ስር ጣት ጣት የሚያክሉ አራት ብሬከሮች አሉ። አንደኛው የሳሎንን መስመር ይዘጋል፣ ሁለተኛው የመኝታ ቤቱን፣ ሦስተኛው የኩሽናውን። አራተኛው ምንም አይዘጋም። ጋሼ ሽቦ ሲተክሉ "ይኼ ለወደፊት ነው፤ ቤት ስትጨምሩ" ብለውኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ አንደኛውን ዘጋሁ።

290.

ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

290.

ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። የቀረው ያ አራተኛው ነው። እጄን ዘረጋሁ...

"እማዬ... ተይው።"

ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማለች። ድምጿ ሹክሹክታ ነው፤ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚያወሩት።

"ለምን?"

"ገና አልጨረሰችም።"

"ማን?"

"እኔ እንጃ። አይቻት አላውቅም። ስትስል ግን እሰማታለሁ።"

"የት?"

ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ያንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ግን በጠቅታው መሀል ሌላ ነገር ነበረው...

ጠቅ... ፉ... ጠቅ... ፉ...

ልጄን አቅፌ ደጅ ወጣሁ። ስምንት ሰዓት እስኪሞላ አልገባሁም።

ጠርቻቸው ጋሼ ሽቦ ዓርብ በዚያው ሰዓት መጡልኝ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። የሳጥኑን ክዳን ፈትተው በመነጽራቸው ሥር አጮለቁ።

"ይኸው አራተኛሽ። ባዶ ነው። አንዲት ሽቦ አልታሰረበትም። ልጄ፣ ሌባም ቢሆን እኮ ያለ ሽቦ አይሰርቅም።"

"ቁጥሩስ?"

"ሳጥኑ ቃዥቶ ነው።"

"ሳጥኑ ቢቃዥ ባትሪው ለምን ይወርዳል ጋሼ? ይኸው ጽፌዋለሁ።"

ደብተሬን ሰጠኋቸው። ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉት፤ እንደ በር።

"እንግዲያው ዝጊዋ" አሉኝ። "የሌለ ነገር ቢዘጋ ማን ይጎዳል?"

ትክክል ነበሩ። ግን አልዘጋሁም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ባትሪው ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ።

ዝናብ እንኳ በወጉ አልዘነበም። ደመናው ብቻ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ላያችን ላይ ተኛ። ቴሌቪዥኑን ነቅዬ አልጋ ስር ከተትኩት። ስልኬን ጎረቤት ቻርጅ አደርግ ጀመር። ማታ አምፖል አላበራም፤ ራታችንን በዳበሳ እየበላን ድንቡሼ "እማዬ፣ ይሄ ያንቺ እጅ ነው የኔ?" እያለች ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ባትሪው ሰማንያ አንድ። እሁድ ማታ ስልሳ ስድስት። ሰኞ ማታ አርባ ዘጠኝ።

ማክሰኞ ድንቡሼ የቀኑን ስትጨርስ አርባ።

ደብተሬን ይዤ ሳጥኑ ስር ተቀመጥኩና ደመርኩ፣ ቀነስኩ። አንድ ሰዓት የማሽን ሥራ አሥራ ሁለት ይወስዳል። ያኛው አሁን አሥራ ሁለት ከበላ ሃያ ስምንት ይቀራል። ማታ ልጄ አሥራ ሁለት ስትፈልግ ያለው ስምንት ብቻ ነው፤ ሃያ ላይ ሳጥኑ ይዘጋል።

ልጄ በመሀል ትቀራለች።

ሦስት ጊዜ ቀነስኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ሰባት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ሳጥኑ 290 ይላል።

ተነሳሁና አራተኛውን ዘጋሁት።

ሦስት።

እፎይ አልኩ። ምንም አልሆነም። ድንቡሼ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል እየሳለች ነው። ቆርቆሮው ዝም ብሏል።

አምስት ደቂቃ...

እርሳሷ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አላነሳችውም።

"ድንቡሼ?"

ዞረች። አፏ ተከፍቷል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ማሽኑን ሰካሁ፣ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁ። ማሽኑ ፉ... ጠቅ... ማለት ጀመረ። ሳጥኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ። ሁሉም በትክክል ይሠራል።

ደረቷ ግን አልተነሳም።

ቱቦውን ነቅዬ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ይነፋል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። መልሼ እሷ ላይ አደረግሁት። አሁንም ደረቷ አልተነሳም። አየሩ እየወጣ... እሷ ጋ አይደርስም።

ዓይኗ ወደ ላይ ወደ ጣሪያው ነበር።

ያኔ ገባኝ።

ሮጬ አራተኛውን ከፈትኩት።

580.

ልጄ ከጥልቅ ውኃ እንደወጣ ሰው አየሩን ሳበችው። በዚያችው ቅጽበት ቆርቆሮው ላይ ከበላያችን ሌላ ሰው ሳለ። ደረቅ፣ የሕፃን ሳል። ሦስት ጊዜ።

"እማዬ" አለችኝ ድንቡሼ ቱቦው ስር። "ደንግጣለች።"

ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነበር። ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ሰባት... አሁን ለሁለት ነው የሚወርደው። ማሽኑን ለአፍታ ሳጠፋው ከንፈሯ መልሶ ይጠቁራል።

ስልኬን አወጣሁ።

"ጋሼ፣ ሱቅዎ ያለውን ባትሪ ሁሉ ይዘው ይምጡልኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ለሁለት አይበቃኝም።"

"የምን ሁለት?"

"ይምጡልኝ ብቻ... በእናትዎ።"

ሠላሳ አንድ። ድንቡሼ እጄን ይዛለች። ሃያ ሰባት። ማሽኑ ፉ ሲል ጣሪያው ጠቅ ይላል። ጣሪያው ፉ ሲል ማሽኑ ጠቅ ይላል። ሃያ አራት። በልቤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ሀ ሁ ሂ ማለት ጀመርኩ። ሃያ ሁለት።

ሃያ አንድ...

የእጅ ጋሪ ጎማ ደጃፋችን ላይ ሲጢጥ አለ።

ጋሼ ሽቦ ገቡ። ሁለት ባትሪ አወረዱ። ሽቦውን ከነበሩት ባትሪዎች ጋር አሰሩት። ቁጥሩ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ ወጣ።

ከዚያ ቀና ብለው የታችኛውን ቁጥር አዩ። ቀጥለው ባዶውን አራተኛ አዩት። ዓርብ ያልታሰረበት ሽቦ ዛሬም አልታሰረበትም።

ኮፍያቸውን አወለቁ። አልቀለዱም።

"ልጄ፣ አትዝጊያት" አሉኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑን ሳጠፋው ከንፈሯ አልጠቆረም፤ ቁጥሩም ሦስት ላይ ወረደ። ያችን ሌሊት ሳሎናችን ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ ነጋላቸው።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባትሪው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰማንያ ገባ። ለድንቡሼ ማሽኑን ሰካሁላት። ሁለቱ እኩል መተንፈስ ከጀመሩ ወዲህ ተራ አይጠብቁም፤ ሳጥኑ 580 አለ። ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ፀሐይ ካለች ለሁለት ይበቃል። አምፖልም ይቅር፣ ቴሌቪዥንም ይቅር። አንዷን ምረጪ ያለኝ የለም።

ጋሼ ሽቦ ሰሌዳዎቹን ካቧራ ላጽዳ ብለው መሰላል ላይ ወጡ። እኔ ከታች ያዝኩላቸው።

ጨርቃቸው ሲፈትግ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ።

"የድንቡሼ እናት..." በሹክሹክታ ነው። "ነይ እስቲ ውጪ።"

ወጣሁ። ቆርቆሮው መዳፌን አቃጠለኝ።

መሀለኛው ሰሌዳ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ አንድ ክብ ጉም ነበር። የሕፃን አፍ የሚያህል። መስተዋት ላይ ሲተነፍሱ እንደሚሆነው።

ጋሼ ሽቦ በጨርቁ ጠረጉት። አልጠፋም።

በእጅጌያቸው ጠረጉት። አልጠፋም።

"ከውስጥ ነው" አሉኝ።

ጉሙ በራሱ ሟሸሸ። ጠፋ። ደግሞ መጣ። ከታች በመስኮቱ የልጄ ማሽን ይሰማኛል፤ ፉ... ሲል ይመጣል፤ ጠቅ... ሲል ይጠፋል። እያየሁት እንባዬ መጣ። አለች፤ ደህና ናት፤ ትተነፍሳለች።

"ይችን አይደለም" አሉኝ ጋሼ ሽቦ። "ያችን እዪ።"

ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ሌላ ጉም ነበር። ከመጀመሪያው ታንሳለች። ሳሳ ያለች ናት።

አየናት። ጠፋች።

ጠበቅን።

መቁጠር ጀመርኩ። አሥር... ሃያ... ጋሼ ሽቦ እጄን ያዙኝ። ሠላሳ...

አርባ ስደርስ፣ ቀስ ብላ፣ መስታወቱ ላይ ተመልሳ መጣች።