ያልተሞረዱ ዶቃዎች

ሐሙስ ነበር፤ ከረፍት በፊት ያለው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ። ነገሩን የጀመረው የፋርማሲስቱ ልጅ ነው። መምህሩ ያደሉትን ማግኔት ይዞ ከኋላ ወንበር ተንጠራራና ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ያሰረውን ግራጫ የዶቃ አምባር ነካበት። ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ።

«እዩልኝማ! እናትየው ድንጋይ ነው እያለች የምትሸጠው ብረት ነው! ሕዝቡን ሸወደችው እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ የሳቁትን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ አፏን በደብተር ሸፍና የሳቀችውን ጭምር። እናቱ ለማንም ድንጋይ ነው ብላ አታውቅም። «ሰው ሠራሽ ነው፤ ፋብሪካ ያወጣው» ትላለች፣ ገዢ ሳይጠይቃት። ይህን መናገር ሲችል ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ማግኔት ሆኖ ቀረ።

«እርሳው በቃ፣ አታካብድ» አለው ጓደኛው። ለጓደኛው ምን አለበት? የተሰደበችው የእሱ እናት አይደለችም። ማግኔት ግን ስድቡን እየበላም እየተኛም ሲያመነዥክ ሰነበተ።

እናቱ የምትሠራው መስኮቱ ሥር ነው። ግራጫው ዶቃ ሲያዩት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ የቀዳዳው አፍ ግን ስለት ስለሆነ ክሩን እየገዘገዘ ይበጥሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዶቃ በቀጭን ሞረድ ትሞርደዋለች። የተሞረደው ነጭ ሳህን ላይ፣ ያልተሞረደው ሰማያዊው ላይ ይቀመጣል። ክር ውስጥ የሚገባው ከነጩ ብቻ ነው።

«ይሄ ሐብል የማን ነው?» አላት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ።

«የፋርማሲስቱ ትልቋ ልጅ ናት ያዘዘችኝ። ቅዳሜ ትመረቃለች። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለችህ!»

የዚያ ልጅ እህት! ወዲያው ጎረቤት ከደጅ ተጣራችና እናቱ ወጣች። ማግኔት ሳህኖቹን አየ። በሩን አየ። ከዚያም የነጩን ወደ ሰማያዊው፣ የሰማያዊውን ወደ ነጩ ገለበጠው። ዶቃ ከዶቃ አይለይም፤ ሁሉም ግራጫ ነው።

እናቱ ተመልሳ መርፌዋን አነሳች። «ከብርሃኑ ገለል በልልኝ የኔ ጌታ» አለችው።

ገለል አለላት።

ሐብሉ የተበጠሰው ልክ እሱ እንደተመኘው መድረክ ላይ ነው። እሑድ ረፋዱ ላይ ተመራቂዋ ራሷ የተረፉትን ዶቃዎች በመሐረብ ቋጥራ መጣች። ማግኔት ጩኸት ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አፍራ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ… ስሜ ተጠርቶ መድረክ ላይ ስወጣ ተበጠሰ። ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ ጎትቼው ይሆናል። ወድቀው የተሰባበሩትን ተውኳቸው፤ የተረፉት እነዚህ ናቸው።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ?» እናቱ አንዷን ዶቃ አንስታ ቀዳዳዋን በጥፍሯ ዳሰሰች። ሌላ አነሳች። ሌላም። «አልተሞረደም! አንዱም እኮ አልተሞረደም! እኔ የሞረድኩ መስሎኝ…»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ እናቱ መርፌዎቿን ጣሳ ውስጥ ከተተችና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለቻቸው።

«ዓይኔ ነው» አለች። «አክስትህ ስትነግረኝ እምቢ ብዬ ነው። በቃኝ። ነገ ጠዋት ሄጄ ሥራዬን ለምትሸጥልኝ ባለ ሱቅ ሌላ ሰው ፈልጊ እላታለሁ። የሰው ልጅ መድረክ ላይ ከማዋርድ ይቅርብኝ።»

«እማ…»

«ወዬ?»

«ምንም።»

ያን ቀን እናቱ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አጋድማ ዋለች። ሥራ ፈታ አይቷት አያውቅም። ዶቃው ሲበተን፣ የፋርማሲስቱ ቤት ሲያፍር ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቶ ስቆ ነበር! እነዚህ እጆች ግን አንድም ቀን አልታዩትም። «እኔ ነኝ» ለማለት ሦስቴ አፉን ከፈተ፤ ሦስቴም ውሃ ጠጣበት።

ሰኞ ጠዋት የፋርማሲስቱ ልጅ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጠበቀው።

«ማግኔት! እህቴን አስለቀሳችኋት አይደል? ማዘርህን ዶቃውን ትተሽ ቆሎ ሽጪ በላት! ምነው፣ ዛሬም ምላስህን ዋጥከው?»

ማግኔት መልስ ነበረው። ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ በመስታወት ፊት ሲለማመደው የከረመው፣ አጥንት ድረስ የሚገባ መልስ። ጉሮሮው ላይ ደርሷል። ነገር ግን ልጅቷ በእርግጥ አልቅሳለች፤ ያስለቀሳትም እናቱ አይደለችም።

ደወሉ ተደወለ። እናቱ በዚህ ሰዓት ወደ ባለ ሱቋ ለመሄድ ነጠላዋን እየፈለገች ይሆናል፤ ከሮጠ ከቤት ሳትወጣ ይደርስባታል።

«ተናገር እንጂ!»

ማግኔት ቦርሳውን ትከሻው ላይ አጠበቀና ፊቱን ወደ መጣበት መንገድ አዞረ። «ፈራ! ፈራ!» የሚለው ጩኸት ከኋላው ተከተለው። ዞር ብሎም አላየ፤ እርምጃውን ብቻ አፈጠነ።