ማኖቬላው ላይ ያልነበረው ጨርቅ

ሽማግሌው ገበሬ በመጋዘኑ ውስጥ፣ ከአሮጌው ትራክተራቸው አፍንጫ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። በእጅ እያዞሩ ሞተሩን የሚያስነሱበት ብረት፣ ማኖቬላው፣ ከጎናቸው ወድቋል። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ደም ረግቷል። ሰው ሲሞት መቼም አዋቂ አይጠፋም፤ መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ ተፈርዶበት ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ። «መካኒኩ ነው፣ ቡሎን የሚሉት። ትናንት ትራክተሩን ሲፈታታ ውሎ አበላሽቶት ሄደ። ራሱም ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብሏል።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

«በጠዋቱ አታናድደኝ!» አለችና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ቀኝ አውራ ጣት ከሥሩ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። የትራክተሩ ማጥፊያ ደግሞ እንደተዘጋ ነው።

የሟቹ ልጅ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባዋን ውጦታል። መካኒኩን ካቴና ሲያስገቡለት ፊቱ ላይ ተፍታበት «ገዳይ!» ብላው ነበር።

«አባትሽ ማኖቬላ አያያዝ ያውቁ ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«አባቴ? ለእኔ ያስተማረኝ በኩርኩም ነው! ሞተር ሲነሳ መልሶ ይማታል፤ ስለዚህ አውራ ጣትሽን ከአራቱ ጋር አሰልፊ፣ አትጨብጪ ይለኛል።»

«እርሳቸውስ ጨብጠው የሚያዞሩበት ጊዜ የለም?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «አለ። ጠዋት ጠዋት ማጥፊያውን ዘግቶ፣ ዘይቱ እንዲንቀሳቀስ ሁለት ዙር ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ያኔ ሞተሩ በድን ስለሆነ እንደፈለገ ነው የሚይዘው።»

«ትናንት የት ነበራችሁ?»

«አባቴ መሬቱን በስሜ ሊያዞርልኝ ቢሮ ሄደን ነበር። ፊርማው ለሰኞ ተቀጠረ። ቤት የቀሩት አጎቴ ብቻ ናቸው።»

አጎትየው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ከከተማ የመጣ ዘመናይ ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ ቢዥ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀምጧል። የኪሱ አፍ በጥቁር ቅባት ወዝቷል።

«ትናንት መካኒኩ ምን ነገረዎት?»

«ምንም! ‹ደህና ዋሉ› እንኳ ሳይለኝ ነው የሄደው፤ ባለጌ!»

«ስለ ሞተር ያውቃሉ?»

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ የሞተር ፊትና ኋላውን አልለይም። ግን ያ የማይረባ ሽቦውን ፈትቶ ባይሄድ ኖሮ ሞተሩ ባልተማታ፣ ወንድሜም ባልሞተ! ሰቅላችሁ አሳዩን!»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቡሎን በካቴና መጣ፤ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

«ትናንት የሠራኸውን አሳየኝ» አለችው።

በታሰሩ እጆቹ ከሞተሩ ጎን አንድ የቆርቆሮ ክዳን ፈታ። ውስጡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተነቅላ ጫፏ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

ሳጅኑ ፈነደቀ። «ይኸው ውሸቱ! ሽቦው ከተነቀለማ ሞተሩ በምን ይነሳል? የኔ መኪና አንድ ሽቦ ሲላቀቅ ድንጋይ ነው!»

«ያንተ መኪና እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪ ነው» አለ ቡሎን። «ይሄ ባትሪ የለውም። ይቺ ማግኔቶ ትባላለች፤ ስትዞር እሳቱን ራሷ ትፈጥራለች። ሽቦዋ የማጥፊያዋ ናት። እሷ ከተነቀለች፣ ማጥፊያውን ብትዘጋውም ሞተሩ ሕያው ነው።»

«ታዲያ ለምን ነቀልካት?» አለች መርማሪዋ።

«ሞተሩ ሦስት ቀን እምቢ ብሏል፤ ካንዴላው ላይ እሳት የለም። እሳት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞከረው ይቺን ሽቦ መንቀል ነው። ነቀልኩ፤ እሳቱ መጣ። ሽቦዋ ተልጣ ብረት እየነካች እሳቱን ታጠፋው ነበር። አዲስ ላመጣ ሄድኩ።»

«እንዲሁ ትተኸው?»

«ኧረ በጭራሽ! ማኖቬላው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። የሙያችን ሕግ ነው፤ ያሰረው ሰው ካልፈታው ማንም አይነካውም። አባባ ከኔ በላይ ያከብሩታል። ለወንድማቸውም ‹ሽቦውን ፈትቻለሁ፤ ማጥፊያው ቢዘጋም ሞተሩ ሕያው ነው፣ ይማታል፤ እንዳይነኩት ይንገሩልኝ› አልኳቸው።»

«ውሸታም!» አጎትየው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ይቀመጡ!» መርማሪዋ ጮኸች። «አሁን ተራው የኔ ነው። ሟቹ አውራ ጣታቸው ተሰብሯል፤ ጨብጠው ነው ያዞሩት። ማጥፊያው ተዘግቷል። ሊያስነሱት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይጨብጡም ነበር፤ ስለዚህ ሞተሩን በድን ነው ብለው አምነዋል። ቀይ ጨርቅ ቢያዩ ደግሞ እጃቸውን አይሰነዝሩም። ጨርቁ ግን የለም። ማን ወሰደው?»

ሳጅኑን በጣቷ ጠራችው።

«ሳጅን፣ ሽቦው ተነቅሏል ሲባል ምን አልክ?»

«አይነሳም አልኩ» አለ ሳጅኑ አፍሮ።

«ሞተር የማያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እርስዎ ግን» ወደ አጎትየው ዞረች፣ «ይህ ክዳን ገና ሳይከፈት፣ ‹ሽቦውን ፈትቶ ባይሄድ ኖሮ ሞተሩ ባልተማታ› አሉኝ። ሽቦ መፈታቱንም፣ ሲፈታ እንደሚማታም ያውቃሉ። ወይ ሞተር ያውቃሉ፣ ወይ መካኒኩ ነግሮዎታል። ሁለቱንም ክደዋል! ኪስዎን ይገልብጡ።»

አልገለበጠም። ሳጅኑ ገለበጠለት። ገበሩ በሞተር ዘይት ጠቁሯል፤ ስፌቱ ላይ ቀይ ክሮች ተጣብቀዋል።

«ሰኞ ከመድረሱ በፊት ወንድምዎ መሞት ነበረባቸው» አለች መርማሪዋ። «መሬቱ ለልጃቸው ሳይዞር።»

«ጨርቅ ነው ያነሳሁት!» ድምፁ ቀጠነ። «እጄን አላሳረፍኩበትም! ጨርቅ ማንሳት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

ልጅቷ ከበሩ ተነጥላ ፊቱ ቆመች። ከተወለደች ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ልጅ ናት። «ትናንት ማታ አብራችሁ ራት በላችሁ» አለች። «አጠገቡ ተቀምጠህ ስትስቅ ነበር። አፍ አልነበረህም? ወንድምህ አልነበረም? ሂድ! ከዚህ ቤት ውጣልኝ!»

ካቴናው ከቡሎን እጅ ወጥቶ አጎትየው እጅ ገባ። የፖሊሶቹ መኪና ሲርቅ ልጅቷና ቡሎን መጋዘኑ ውስጥ ቀሩ።

«ጠዋት ገዳይ ብዬሃለሁ» አለችው።

«እኔም ራሴን ስጠራበት ነው ያረፈድኩት» አለ ቡሎን የእጁን አንጓ እያሸ። «እስኪመጡ ጠብቄ ለራሳቸው ሳልነግር መሄድ አልነበረብኝም።»

ልጅቷ «ተወው» እንድትለው ጠብቆ ነበር። እሷም ልትለው ከንፈሯን ከፍታ ነበር።

«አዎ» አለችው፣ እንባዋ አሁን ገና እየመጣ፤ «አልነበረብህም።»