ከግርጌ ያለው ስም

ሬኒየር ቢች ባቡር ጣቢያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሄዋን የጽዳት ባልዲዋን አግዳሚው ወንበር ሥር አስቀመጠች። ከጨርቁ በታች ስድስት መቶ ዓመት የሞላው የላቲን መጽሐፍ ተጠቅልሏል። አለቃዋ ጳውሎስ፣ በምስጢር ስሙ «ቀለም»፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማንም አልተከተለሽም?»

«ማንም።»

«ኮፒስ አላደረግሽም?»

አራት ወር ሙሉ ቤልቪው ከተማ የአንድ ሀብታም ቤት ስትጠርግ የከረመችው ለዚህ መጽሐፍ ነው። የጥንቱን የሮም ላቲን ከሞት ያስነሱት የጣሊያን ሊቃውንት፣ ገዳም ለገዳም እየዞሩ የተረሳ መጽሐፍ ፈልገው በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ይኼም ከእነሱ የአንዱ ግልባጭ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ከገዳም ተሰርቆ ሀብታሙ ቆለፈበት። መሥሪያ ቤቷ የተሰረቀ ቅርስ በስውር ያስመልሳል፤ የሄዋን ትእዛዝ መጽሐፉን ማውጣት ነበር፤ ለገዳሙ ተመልሶ ሰው እንዲያነብበው።

ባለፈው ወር ግን ጳውሎስ «ፎቶ እንዳታነሺ» አላት። የዚያን ዕለት ነገሩ ሸተታት።

ጥቁር መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆመ። የመሥሪያ ቤታቸው አይደለም።

«ማናቸው?»

«ገዢዎች። አንድ ለእናቱ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው። ሶ፣ ድምፅሽን ሳታሰሚ ሂጂ።»

እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

ሄዋን ሳቀች።

«ላቲን የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ወር ሙሉ መጽሐፉ ያለበትን ሣጥን መስታወት ከፍቼ በወለወልኩ ቁጥር በእርሳስ ገለበጥኩት፣ በጽዳት ወረቀት ላይ። ዛሬ ጠዋት ለአርባ ዩኒቨርሲቲ ልኬዋለሁ።»

«ማን ብለው ያምኑሻል?»

«የገለበጠ ሰው ስሙን ከግርጌ ይጽፍ የለ? እነዚያ ሊቃውንት ይጽፉ ነበር፤ የኛም ቁም ጸሐፊዎች። እውነተኛ ስሜን ጽፌያለሁ። ያንተንም።»

«የኔን?!»

«‹ዋናውን ጳውሎስ ከእጄ ተረክቦ ለገዳሙ ያደርሳል።› አድርስ እንግዲህ!»

ስልኩ ጮኸ። አዳመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ገዢዎቹ ናቸው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጹ ላይ አውጥቶታል አሉ።»

መኪናው ተነሥቶ ሄደ። የጳውሎስ እጅ ባዶውን ወጣ።

«ራስሽን ነው ያጠፋሽው» አላት። «ሀብታሙ አይለቅሽም። ቢከን ሂል ሰፈር እናትሽ ጋ እንኳ አትደርሺም፤ በሯ ላይ ሰው ያቆማል።»

ይኼ አመማት።

«ዐውቃለሁ። አሁን ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቆልፉበት እስቲ!»

ባልዲውን ትታለት ባቡሩ ውስጥ ገባች።

ቢከን ሂል ጣቢያ በሩ ተከፈተ። እናቷ ቤት ከዚህ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። እንባዋ መጣ፤ ከመቀመጫዋ ግን አልተነሣችም። ሄዋን ለዚህ ሥራ የያዘችው ስም ነበር፤ እናቷ ያወጡላት ስም፣ የውብዳር፣ ከግልባጩ ግርጌ ቀርቷል።

አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ሐበሻ አሮጊት ስታለቅስ አይተው ክንዷን ነካ አደረጉ።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ባየሽ እባላለሁ፣ እማማ።»