የአራጌ መጦሪያ ታንኳ

ከመካነ ሰላም ተነስቶ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ደጋው አልቆ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ካደረገ በኋላ፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ መግባት ሲጀምር አባይን ያያል። ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ የአራጌና የአልታዬ ጎጆ ነበረች። ከቦረና ወደ ጎጃም የሚሻገር ሁሉ ያውቃታል። ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሙሽራው፣ ከሳሹና ተከሳሹ… ማን ያላለፈባት አለ? አራጌን ሳይጠራ አባይን ተሻገርኩ የሚል ሰው ካለ ወይ ዓሣ ነው፣ ወይ ጉረኛ ነው!

አራጌ አሻጋሪ ነበር። አባቱም አሻጋሪ፣ አያቱም አሻጋሪ። ውሃው ጎደል ባለ ጊዜ ሁሉ በሰፊዋ ታንኳ ሰው ሞልቶ፣ ከኋላ ቆሞ ይቀዝፋል። ሰው አሳፍሮ መቀመጥ በእነዚያ አሻጋሪዎች ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳ ቤት አስገብቶ እንደመተኛት ነው የሚቆጥሩት። እንዲህ እንደቆመ ዕድሜው አለፈ፣ ወገቡም አለቀ። አልታዬ ቅቤ አቅልጣ ስታሸው፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው አይደለሁም እንዴ!» ይላታል። «ሰውማ ብትሆን ቤትህ ትቀመጥ ነበር» ትለዋለች።

ኩራቷ ነበር። ማዶ የቆመ መንገደኛ «ኧረ አራጌዋ!» ብሎ ሲጣራ፣ ገደሉ ስሙን ተቀብሎ ሲያስተጋባው፣ የእሷን ልብ ደረቷ አይበቃውም። ግን ባሏ መቼ የእሷ ሆኖ ያውቃል? ምሳ ሲቀርብ ይጠሩታል። ሲታመም ይጠሩታል። አንድያ ልጃቸው ፈንታሁን የተወለደ ዕለት እንኳ አራጌ ማዶ ነበር! «ጉልበቱን ሕዝቡ ወሰደው። እመቤቴ፣ እርጅናውን እንኳ ለእኔ አድርጊልኝ» ብላ ተስላ ነበር አልታዬ። ሌላ ነገር ለምና አታውቅም፤ ይህችን ብቻ ነበር የለመነችው።

ፈንታሁን ተምሮ ትልቅ ሰው ሆነ። ከተማ ወጥቶ፣ ስሙን ባልጠራው ከሚሻለኝ ከአንድ ሹም ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አቧራ አልብሶ መጣና የአባቱን ጉልበት ሳመ።

«አባባ፣ ከእንግዲህስ በቃዎት። አንቱ ይጦሩ። ለራስዎ ብቻ የምትሆን የዓሣ ማጥመጃ ታንኳ ልግዛልዎ፤ ሄደው ይምረጡ» አለ።

አልታዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት!

ታንኳ ጠራቢው ብዙነህ ማዶ ጎጃም ነው የሚኖረው። ባልና ሚስት ተያይዘው ሄዱ። ብዙነህ ሣሩ ላይ ሁለት ታንኳ አጋድሞ ጠበቃቸው። አንደኛዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሩጫዋ ለጉድ ነው የተባለላት። ሁለተኛዋ ሆዷ ሰፋ ያለ ሆኖ፣ ከኋላዋ እንደ አልጋ በጠፍር የተወጠረ፣ መደገፊያ ያለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ወንበር ተገጥሞላታል። አራጌ የቀጭኗን ጎን እየዳበሰ ቀረ።

«ይቺ እኮ ፈረስ ናት!» አለ።

«ማንን ልትቀድምባት ነው? አዞውን?» አለች አልታዬ።

ብዙነህ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ባለ ወንበሯ ታንኳ ውስጥ ገባችና ጠፍሩ ላይ ቁጭ አለች። «ና እስቲ ተቀመጥ» አለችው።

«በሰው ፊት? ሣር ላይ?»

«ና አልኩህ ሰውዬ!»

አራጌ እያፈረ ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ወገቡ መደገፊያውን ሲያገኝ ዓይኑን ከደነ። «ኡፍፍ… አልታዬዋ» አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው ከአፉ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማችው! ደረቅ ሣር ላይ፣ ውሃ በሌለበት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ታንኳ ውስጥ ጎን ለጎን ተደግፈው ቆዩ። ብዙነህም ፊቱን ወደ ሥራው አዞረ።

«ይቺው ናት» አለች አልታዬ።

ያቺ ሰሞን በሕይወቷ ያገኘቻት ብቸኛ ዕረፍት ነበረች። ሰፊዋን የማሻገሪያ ታንኳ ለእህቱ ልጅ አስረክቦ፣ አራጌ ከእሷ ጋር ጥላ ጥላውን ይዞ ያጠምዳል። አልታዬ የአቀስታ የደጋ ልጅ ናት፤ ስትዳር ዘመዶቿ «ዓሣ ለሚበላ ሰው ልጃችንን ሰጠን» ብለው አልቅሰዋል። አሁን መንጠቆውን እሷ ትይዛለች፣ እሱ ይስቅባታል። ግን ደስታ ለድሃ ቤት መቼ ውሎ ያድራል? ያ ክፉ ዘመን፣ ያ ስድሳ ስድስት መጣ።

በመጀመሪያ የወረዱት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ከለጋምቦ፣ ከተንታ፣ ከመቅደላ ሥር ሰው ጎረፈ። የአጅባር ገበያ እህል አጥቶ ተበተነ አሉ። በሬውን የበላ፣ የቤቱን በር ክፍት ትቶ የወጣ፣ ልጁን አዝሎ ልጁ በጀርባው የቀዘቀዘበት… ሁሉም ወደ አባይ! ማዶ ጎጃም እህል አለ ተብሏልና። የአራጌ የእህት ልጅ ይህን አይቶ በድንጋጤ ወደ ዘመዶቹ ሸሸ። አራጌ ሾላው ሥር ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያም ወደ ሰፊዋ ታንኳ ሄደ።

«ይህችን ሰሞን ብቻ» አላት አልታዬን።

ምን ትለዋለች? ከሰው ፊት አታሳፍረው። «ወገብህን እሰር» ብላ መቀነቷን ፈትታ ሰጠችው።

እሱ ሲያሻግር እሷ ያጠመዱትን ዓሣ እየቀቀለች ዳር ላይ ለወደቁት ታካፍላለች። አንዲት አሮጊት ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ «ሁዳዴ ነው እኮ ልጄ» አሏት። ሰውነታቸው አጥንት ብቻ ነው፤ ከስንት ቀን ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ግን ጾም ነው! አልታዬ ተንበርክካ፣ «እኔም የደጋ ሰው ነኝ እማማ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ይጉረሱ» ብላ በእጇ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ እያለቀሱ ዋጡ።

ወዮ! ፈተናው ግን ገና ነበር። አንድ ማለዳ ፈንታሁን ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ወረደ። አንደኛው ሰንሰለት ተሸክሟል።

«ትእዛዝ ነው አባባ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሰው ወደ ጎጃም እንዳይሻገር ተብሏል። ወሎ ተራበ እየተባለ ስም ይጠፋል።»

«ስም?» አለ አራጌ። «እስቲ ቀና በል ልጄ። እዚህ የቆመው ሰው ነው፣ ስም ነው?»

«እንጀራዬ ነው አባባ! እምቢ ካልኩ ይጥሉኛል። አንቱ ምን ቸገረዎት? የእርስዎ ታንኳ ያችውልዎት፤ የዓሣ ማጥመጃ ናት፤ እሷን ማንም አይነካትም። ይጦሩባት እንጂ!»

ሰፊዋን ታንኳ ከሾላው ጋር በሰንሰለት ጠፍረው ቆለፉባት። አልታዬ የወለደችውን ልጅ፣ ጡቷን ያጠባችውን ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ረሃብተኛ ፊት ቁልፉን ኪሱ ሲከት አየችው። እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሲሰናበታትም አልሳመችውም።

ከዚያ ወዲያ የቀረችው ያችው የመጦሪያዋ ታንኳ ናት። አራጌ ወደ ውሃው ገፋት። ነገር ግን ወንበሩ የታንኳዋን ግማሽ ይዞታል፤ ከቀዛፊው ሌላ ከጎኑ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትችለው። ብርሀንነሽ የምትባል ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ቀረበች። አንዱን አዝላለች፣ አንዱ ቀሚሷን ጨብጧል።

«አንዱን ላስቀድምልሽና ተመልሼ እናንተን ልውሰድ» አላት አራጌ።

«አይሆንም ጌታዬ።»

«አብሽሪ፣ አሁኑኑ እመለሳለሁ።»

«አንዱን እዚያ አድርሰውት፣ እርስዎ እስኪመለሱ እኔ ብሞትሳ?» አለች ብርሀንነሽ። ድምፅዋ ጨርሶ አልቋል። «ወንድማማች መሆናቸውን ማን ይነግራቸዋል?»

አራጌ ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት። አልጠየቃትም፤ በምን አፉ ይጠይቃት? ያ ወንበር የእሷ ነው። ስለቷ ነው። ቀሪ ዕድሜያቸው ያለው እሱ ላይ ነው። አልታዬ ወንበሩን አየችው፤ ልጆቹን አየቻቸው። ከዚያ ጎጆዋ ገባችና መጥረቢያ ይዛ ወጣች።

የመጀመሪያው ምት መደገፊያውን ሰነጠቀው። ጠፍሩ ግን አልበጠስ አለ። ብዙነህ አሳምሮ ነው የጠፈረው! እንባዋ እየወረደ፣ እጇ ሳይቆም፣ አንድ በአንድ በጠሰችው። የተሰበረውን እንጨት ወደ ዳር ወረወረችና ቀና አለች።

«አልታዬ… ወገቤ እኮ አሁን ደህና ሆኗል» አለ አራጌ።

«ውሸታም!» አለችው። «በል አሳፍራቸው።»

እናትና ልጆች ተቃቅፈው ተሳፈሩ። አራጌ ከኋላ ቆሞ ቀዘፈ። አልታዬ ባዶ እጇን ዳር ላይ ቆማ ስታያቸው ቆይታ አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ለማን ነው ያለቀሰችው? ለባሏ? ለራሷ? ለሁሉም ነበር። ግን ያን ዕለት ጸጸት አልነበራትም።

እንዲያ ሆኖ ሰነበተ። አራጌ ጠዋት ይጀምራል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይመላለሳል። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ተነሳ፣ ወታደሩ አመፀ፣ ሹማምንቱ መታሰር ጀመሩ የሚል ወሬ ከነጋዴ አፍ ይሰማል። እሱ አንዱንም አልጠየቀም። ለእሱ መንግሥት ማለት ዳር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ግንቦት ላይ ወደቀ። ተስቦ ነው። ካሻገራቸው ሰዎች ልብስ ላይ የያዘው ነው። ጭንቅላቱ እንደ ምድጃ ጋለ፤ አልታዬ እርጥብ ጨርቅ ብታለብሰው ብታለብሰው አልበርድ አለ። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«ዳር ላይ ሰው አለ?»

አልታዬ በበሩ ብቅ ብላ ታያለች። ሰው አለ! አሸዋውን ሞልቶት፣ ወደ ጎጆዋ አንጋጦ የሚጠብቅ ሰው!

«የለም» ትለዋለች። «ሁሉም ተሻግሯል።»

«ደህና አየሽ?»

«ደህና አየሁ አራጌዋ። አንድም ሰው አልቀረም።»

ባሏን በሕይወቷ ሙሉ ዋሽታው አታውቅም። ያን ውሸት ግን እስከ መጨረሻው ያዘችው። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት እንደገና ጠየቃት፤ እሷም እንደገና ያንኑ መለሰች። «እንግዲያ ልረፍ» አለ። እጇን ያዘ። ዐረፈም።

አቤት የዚያን ቀን ዋይታ! መንገደኛ ሁሉ አስከሬኑን በጫንቃው ተሸክሞ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። የረሃብ ጉልበት ያንን አቀበት እንዴት እንደወጣው እግዜር ይወቅ! ቀብረው ተመልሰው ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ፈንታሁን ኮት የለው፣ ባርኔጣ የለው፣ እየሮጠ ደረሰ። ሹሙ ታስሯል። እሱ ሥራውን ጥሎ ወጥቷል። እናቱ እግር ላይ ተደፋ።

«እማዬ፣ ገደልኩት! እኔ ነኝ የገደልኩት! ይቅር በይኝ!»

አልታዬ አላነሳችውም፤ አልገፋችውምም። በዚያች ቅጽበት ከማዶ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ነፋስ መስሏቸው ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነስቶ ወጣ።

የጎጃም ዳር በሰው ተሞልቷል! አራጌ ያሻገራቸው ናቸው። ከየተጠጉበት መንደር መርዶውን ሰምተው፣ የለመኑትን ነጠላ ለብሰው፣ ለለቅሶ መጥተዋል። ግን ማን ያሻግራቸው? አሻጋሪው ሞቷል! ስለዚህ ቆመው ማዶ ላይ አለቀሱ። ደረታቸውን ሲደቁ ድምፁ በውሃው ላይ ይመጣል። ከወዲህ በኩል አንዲት አልቃሽ ቀረብ ብላ እንዲህ ስትል አወጣች፦

ወዲህ ማዶ ለቅሶ፣ ወዲያ ማዶ ለቅሶ፣
አሻጋሪው ሄደ ሁሉን ሰው አድርሶ።

ማዶ ያሉት ተቀበሏት። ገደሉም ተቀበለው። አባይ እንዲህ ያለ ለቅሶ በሁለት ዳሩ ሰምቶ ያውቅ ይሆን? አልታዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ቀና ብላ ቆመች። እርጅናውን ለእኔ ብቻ ብላ የለመነችው ባል የስንት ሰው ኖሯል! ዕድል የለመነችውን ነፈጋት፤ በምትኩ የሰጣትን ደግሞ ስንት ንግሥት ተመኝታ አላገኘችውም። ልቧ እየደማ ኮራች።

«ተነስ» አለችው ፈንታሁንን። «ቁልፉ ካንተ ጋር ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሂድና እነዚያን ለቅሶኞች አምጣልኝ። የአባትህን ለቅሶ ማዶ ሆነው አይጨርሱትም።»

ፈንታሁን ከተደፋበት ተነሳ። ማዶ የሞላውን ሕዝብ አይቶ ወደ ኋላ አለ። የሚሻገሩበትን የቆለፈባቸው እሱ ነው።

«በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እማዬ? ማን ነህ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

አልታዬ አቧራውን ከትከሻው አራገፈችለት። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ግንባሩን ሳመችው።

«የአራጌ ልጅ ነኝ በላቸው» አለችው።